የኦክላሆማ ዋንጫ ለሳም ሂንኪ ምስክር አይሆንም፦ ለ“ሂደቱ” ጠበቆች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የ“ሂደቱ” ጠበቆች በያላችሁበት፣

ኦክላሆማ ሲቲ ተንደር በሰኔ 2025 ኢንዲያና ፔሰርስን በሰባተኛው ጨዋታ ረትቶ የአሜሪካውን የቅርጫት ኳስ ሊግ የኤንቢኤን ዋንጫ ካነሣ ወዲህ አንድ የቆየ ክርክር እንደገና ተቀስቅሷል (በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የቀሰቀሳችሁት እናንተ ናችሁ። ሳም ሂንኪ በፊላደልፊያ የጀመረው “ሂደቱ” የተባለው መንገድ፣ ማለትም ለጥቂት ዓመታት ሆን ብሎ እየተሸነፉ ምርጥ ወጣቶችን የመሰብሰብ ዕቅድ፣ ትክክል ነበር፣ ባለቤቶቹ ትዕግሥት አጥተው አቋረጡት፣ የኦክላሆማው ሥራ አስኪያጅ ሳም ፕሬስቲ እስከ መጨረሻው ሄደበትና ዋንጫውን አገኘ ትላላችሁ። ሁለቱም ሳም ይባላሉ፤ ሁለቱም ቁጥር የሚወዱ ናቸው፤ ሁለቱም የወደፊት የድራፍት ምርጫዎችን (ድራፍት ቡድኖች በየዓመቱ አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበት ሥርዓት ነው) እስኪበቃቸው ሰብስበዋል፤ ሁለቱም ዓመት ሙሉ የሚሸነፍ ቡድን አሰልፈዋል። ከዚህ ወዲያ ምን መመሳሰል ያስፈልጋል ባዮች ናችሁ።

ብዙ ያስፈልጋል። የኦክላሆማ ዋንጫ ለሂንኪ የምስክርነት ቃል ሊሰጥ ከቀረበ፣ በመስቀለኛ ጥያቄ የሚጎዳው ራሱን ሂንኪን ነው።

ይህን ደብዳቤ ለሊጉ ጽሕፈት ቤት ልልከው እችል ነበር። ሊጉ ግን በሕግ የሚደረገውን አድርጓል። በ2017 የምርጫውን ተራ የሚወስነውን የዕጣ ደንብ ቀይሮ፣ ከ2019 ጀምሮ የመጨረሻው ቡድን አንደኛውን ምርጫ የማግኘት ዕድሉን ከ25 በመቶ ወደ 14 በመቶ አወረደው። ሕግ የሚደርሰው እስከዚያ ነው። ከዚያ ያለፈው በባለቤቶች ጆሮ የሚንቆረቆር ወሬ ነው፤ ወሬውን የምታሰራጩት ደግሞ እናንተ ናችሁ። ዛሬ ማንኛውም ቡድኑን ማሻሻል ያቃተው ሥራ አስኪያጅ “ረጅም ዕቅድ አለኝ” ብሎ ሦስት ዓመት ሊተኛ ሲፈልግ የሚጠቅሰው የእናንተን አፈ ታሪክ ነው።

በመጀመሪያ ለሰውየው የሚገባውን ልስጥ። ሂንኪ በግንቦት 2013 የፊላደልፊያ ሰቨንቲሲክሰርስ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ሲሾም ይዞት የመጣው ሐሳብ የሞኝ ሐሳብ አልነበረም። በቅርጫት ኳስ ሜዳ ላይ በአንድ ጊዜ የሚሰለፉት አምስት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ስለዚህ አንድ ታላቅ ተጫዋች የሚያመጣው ለውጥ በሌላ የቡድን ስፖርት ከሚያመጣው እጅግ ይበልጣል። የአንድ ተጫዋች ደመወዝ በደንብ የተወሰነ ጣሪያ ስላለው ኮከቡ ከሚያወጣው ዋጋ በታች ይከፈለዋል። እንዲህ ያለው ሰው ውሉ ሲያልቅ ሎስ አንጀለስን ወይም ማያሚን ይመርጣል እንጂ ወደ ደካማ ቡድን አይመጣም። የቀረው በር ድራፍት ነው፤ በዚያ በር ቀድሞ የመግባት ዕድል ያለው ደግሞ አብዝቶ የተሸነፈ ነው። ሂንኪ ከዚህ ተነሥቶ መካከለኛ ሆኖ ከመኖር መጨረሻ መሆን ይሻላል አለ።

ስሌቱ ያምራል። አንድ ነገር ግን ጎድሎታል፤ የዛሬው ጨዋታ ዋጋ። በሂንኪ ሰሌዳ ላይ ዛሬ የሚደረግ ጨዋታ ዜሮ ነው፤ እንዲያውም ከዜሮ በታች ነው፤ ምክንያቱም ያሸነፉ እንደሆነ የምርጫ ተራ ያበላሻል። ፕሬስቲ ግን ዛሬን ዜሮ ብሎ መዝግቦ አያውቅም። ልዩነታቸው ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

የ2013ቱን የድራፍት ሌሊት አስታውሱ። ጅሩ ሆሊዴይ በዚያው ዓመት በኮከቦች ጨዋታ የተሰለፈ፣ ገና 23 ዓመት የሞላው፣ ኳስ አከፋፋይም ብርቱ ተከላካይም ነበር። ሂንኪ ለኒው ኦርሊንስ ሰጠው፤ በምትኩ በጉልበት ጉዳት ላይ የነበረውን ነርለንስ ኖኤልንና የ2014 የመጀመሪያ ዙር ምርጫ ተቀበለ። እናንተ ያንን ሌሊት የሂደቱ ልደት አድርጋችሁ ታከብሩታላችሁ። ኖኤል የመጀመሪያውን የውድድር ዘመን ሙሉ በሙሉ ሳይጫወት አሳለፈ፤ በየካቲት 2017 ወደ ዳላስ ሲሄድም ቡድኑ በምትኩ ያገኘው እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ከምርጫው በልውውጥ የተገኘው ዳሪዮ ሻሪች ከአውሮፓ የመጣው በ2016፣ ሂንኪ ከለቀቀ በኋላ ነው። ሆሊዴይስ? በ2021 ከሚልዋኪ፣ በ2024 ከቦስተን ጋር ዋንጫ አነሣ። ፊላደልፊያ በ2018 የሂደቱን ፍሬ መብላት ጀመረች ተብሎ 52 ጨዋታ ስታሸንፍ፣ ያ “ለዕቅዱ ዕድሜው አይመጥንም” የተባለ ሰው ገና 27 ዓመቱ ነበር።

ከዚያ የሆነውን ታውቁታላችሁ፤ ቁጥሩን ግን ስትጠሩት አልሰማም። 19 ድልና 63 ሽንፈት። 18 ድልና 64 ሽንፈት። 10 ድልና 72 ሽንፈት። በሦስት የውድድር ዘመን ከ246 ጨዋታ 47 ድል። በመጀመሪያው ዓመት 26 ተከታታይ ሽንፈት፤ በኋላ ደግሞ ሁለት የውድድር ዘመን ያያያዘ 28 ተከታታይ ሽንፈት። ለዚህ ሁሉ የተከፈለው ዋጋ ምን ነበር? በዕጣው ሦስተኛ ምርጫ፣ አሁንም ሦስተኛ ምርጫ፣ በመጨረሻ በ2016 አንደኛው። ያም ቢሆን ሂንኪ ሥራውን ከለቀቀ ከሳምንታት በኋላ የደረሰ ነው።

በምርጫዎቹ ምን እንደተሠራም ይታይ። በ2013 ኖኤል፣ በ2014 ጆኤል ኤምቢድ፣ በ2015 ጃሊል ኦካፎር። ሦስት ዓመት፣ ሦስት የመሐል ተጫዋች። ያ ዘመን ጎልደን ስቴት ከሩቅ በሚወረወር ኳስ ሊጉን የገለበጠበት ዘመን ነበር። ስለ መጪው ዘመን ከማንም ቀድሞ አያለሁ ይል የነበረው ቢሮ ከቅርጫቱ ሥር የሚቆሙ ሦስት ረጃጅም ሰዎችን አከማቸ፤ ከኦካፎር ቀጥሎ በአራተኛነት የተጠራው ክሪስታፕስ ፖርዚንጊስ ግን ከሩቅ የሚያስቆጥር ረጅም ተጫዋች ነበር። ኦካፎር በታኅሣሥ 2017 ወደ ብሩክሊን ሲላክ ማንም አላዘነም። በተናጠል ሲታይ እያንዳንዱ ምርጫ “በወቅቱ ከቀሩት ምርጡ” ሊባል ይችላል። ሦስቱ በአንድ ሜዳ ላይ እንዴት ይጫወታሉ የሚለው ጥያቄ የዛሬ ጥያቄ ስለሆነ የጠየቀው አልነበረም።

ዛሬ ዜሮ እንዳልሆነ ከሁሉ አጥርቶ የሚያሳየኝ አንድ ትንሽ ጉዳይ አለ፤ እናንተ ስለማታነሡት እኔ ላንሣው። አይሽ ስሚዝ የሚባል ብዙ ቡድን የዞረ ኳስ አከፋፋይ በ2014ና 2015 የውድድር ዘመን ለፊላደልፊያ ተጫውቶ ነበር። በበጋው በነፃ ለቀቁት። በቀጣዩ ዘመን ቡድኑ ከመጀመሪያዎቹ 31 ጨዋታዎች አንዱን ብቻ አሸነፈ፤ ለወጣቶቹ ረጃጅሞች ኳስ በወጉ የሚያቀብል ሰው በሜዳው ላይ አልነበረም። በታኅሣሥ 2015 ያንኑ ሰው ከኒው ኦርሊንስ በሁለት ሁለተኛ ዙር ምርጫ መልሰው ገዙት። በነፃ የለቀቁትን ሰው ማለት ነው። ስሚዝ ኮከብ አልነበረም፤ ሆኖም የኖኤልና የኦካፎር የገበያ ዋጋ የተመካው ኳሱን በጊዜው በሚያደርስላቸው በእንዲህ ያለ ሰው ላይ ነበር። ወጣት ተጫዋች ትልቅ ሰው በሌለበት ቤት ሲያድግ ምን ያህል እንደሚረክስ በስሌት ውስጥ የሚገባ ነገር ነው፤ ለማስላት የፈለገ ግን ጠፋ።

አሁን ወደ ዋናው መከላከያችሁ ልምጣ። ጊዜ አልተሰጠውም ትላላችሁ። በታኅሣሥ 2015 ጄሪ ኮላንጄሎ ከበላዩ ተሾመ፤ በሚያዝያ 2016 ሂንኪ 13 ገጽ የስንብት ደብዳቤ ለባለቤቶቹ ጽፎ ሄደ። በዚያ ደብዳቤ ውስጥ አብርሃም ሊንከንም ዋረን ባፌትም ተጠቅሰዋል፤ በክፍሉ ውስጥ ካሉት ሁሉ የራቀውን የሚያይ መሆን እንደሚገባም ተብራርቷል። ጥሩ ጽሑፍ ነው፤ አልክድም። ከእሱ በኋላ የመጡት ደግሞ ያወረሳቸውን ሀብት በትነውታል፤ ይህንንም አልክድም። በ2017 ከቦስተን ጋር ተራ ተለዋውጠው፣ ሌላ ምርጫም ጨምረው ማርኬል ፉልትዝን ወሰዱ፤ ቦስተን በሦስተኛነት ጄሰን ቴተምን አገኘች።

ነገር ግን ሀብቱ እንዴት እንደተበተነ አንዱን ሐረግ ይዛችሁ እስከ ጫፉ ተከተሉኝ፤ የሚገርም ቦታ ያደርሳል። ሂንኪ በየካቲት 2015 የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ ተብሎ የነበረውን ማይክል ካርተር ዊሊያምስን ሽጦ የሎስ አንጀለስ ሌከርስን ምርጫ ወሰደ። በጣም የተወደሰለት ሽያጭ ነው፤ ዋጋው ሳይወድቅ ሸጠው፣ እኔም አጨብጭቤለታለሁ። ያ ምርጫ በ2018 ደርሶ አሥረኛ ሆነ፤ ሚካል ብሪጅስ ተመረጠበት። በዚያው ሌሊት ተተኪዎቹ ብሪጅስን ለፊኒክስ ሰጥተው ዛየር ስሚዝንና የማያሚን የ2021 ምርጫ ወሰዱ። ያ የማያሚ ምርጫ በየካቲት 2019 ቶባያስ ሃሪስን ለማግኘት ለሎስ አንጀለስ ክሊፐርስ ተላለፈ። ክሊፐርስ ከአምስት ወር በኋላ የኦክላሆማውን ኮከብ ፖል ጆርጅን ሲገዙ ለማን ሰጡት? ለሳም ፕሬስቲ። በ2021 ኦክላሆማ 18ኛውን ምርጫ የተጠቀመችው በዚያ ነው።

የሂንኪ ምርጥ ንግድ ማረፊያው የፕሬስቲ መሳቢያ ሆነ። ይህ ብቻ አይደለም። ፊላደልፊያ በ2019 አል ሆርፎርድን በከባድ ውል አስፈረመች፤ ከአንድ የውድድር ዘመን በኋላ ተጸጽታ በ2020 መጨረሻ ወደ ኦክላሆማ ስትልከው የ2025 የመጀመሪያ ዙር ምርጫ መርቃ ሰጠች። ምርጫው ከመጀመሪያዎቹ ስድስት ተራዎች በአንዱ ላይ ከወደቀ ፊላደልፊያ ትይዘዋለች የሚል ገደብ ነበረበት። በ2025 ጸደይ፣ ኤምቢድ 19 ጨዋታ ብቻ ተጫውቶ ቡድኑ 24 ድልና 58 ሽንፈት ሲያስመዘግብ፣ ፊላደልፊያ ተስፋ የምታደርገው ያንን ምርጫ ከኦክላሆማ እጅ ማዳን ነበር። ሂደቱ ከተጀመረ 12ኛ ዓመት መሆኑ ነው። ዕጣው ራራላትና ሦስተኛ ወጣች።

እንግዲህ “ተተኪዎቹ አበላሹት” ማለት መከላከያ ነው ወይስ ክስ? የወደፊት ምርጫ በራሱ ተጫዋች አይደለም፤ ነገ ብዕሩን የሚይዘው ሰው ወደ ተጫዋችነት ሊለውጠው የሚችል ወረቀት ነው። ዕቅዱ በሙሉ በወረቀት ከሆነ፣ የዕቅዱ ጥራት ከነገው ብዕር ያዥ ጥራት አይበልጥም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ የሚሄደው ግን የታቀፉት እንቁላል ነው። ሂንኪ እንቁላል ሰበሰበ። ለመታቀፍ ወንበሩ ላይ መቆየት ነበረበት፤ ለመቆየት ደግሞ ለባለቤቱ፣ ለተጫዋች ወኪሎች፣ ለሌሎች ቡድኖችና ለተመልካቹ በየዓመቱ የሚያሳየው አንድ ነገር ያስፈልገው ነበር። ጊዜ በስጦታ አይገኝም፤ በዛሬው ሥራ ይገዛል። 47 ድል ይዞ ማንም አይገዛውም።

ፕሬስቲ ሁለት ጊዜ ቡድን ገንብቷል። እናንተ ሁለቱን አንድ አድርጋችሁ ስለምትነግሩን ልዩነቱ ይጠፋል። የመጀመሪያው በ2007 በሲያትል የጀመረውና በ2008 ቡድኑ ወደ ኦክላሆማ ሲዛወር የቀጠለው ነው። ያኛው በእርግጥ ለሂንኪ ሐሳብ ይቀርባል፤ 20 ድል፣ ቀጥሎ 23 ድል ያላቸው ዓመታት ነበሩ። በሁለተኛ ምርጫ ኬቨን ዱራንት፣ በአራተኛ ራስል ዌስትብሩክ፣ በሦስተኛ ጄምስ ሃርደን። ሦስቱም ኋላ የዓመቱ ኮከብ ተጫዋች ተብለዋል። በታሪክ እንዲህ ያለ የምርጫ ዕድል ለማንም አልገጠመም ብል አላጋነንኩም። ውጤቱስ? በ2012 ፍጻሜ ደርሰው በማያሚ 4 ለ 1 ተሸነፉ፤ በዚያው ጥቅምት ሃርደን ወደ ሂውስተን ተሸጠ፤ በ2016 ጎልደን ስቴትን 3 ለ 1 መርተው ተሸነፉና ዱራንት ወደ አሸናፊዎቹ ሄደ። ዋንጫ የለም። ጉዳትም ነበረበት፣ ዕድልም ከድቷቸዋል፤ ቢሆንም በሽንፈት የተገነባው የፕሬስቲ ቡድን ዋንጫ አላነሣም።

ዋንጫ ያነሣው ሁለተኛው ነው፤ የእሱ መነሻ ደግሞ ሽንፈት አልነበረም። በሐምሌ 2019 ኮከቡ ካዋይ ሌናርድ ወደ ክሊፐርስ ለመምጣት ፖል ጆርጅ አብሮት እንዲሆን ፈለገ። ጆርጅ በዚያ ዓመት በኮከብ ተጫዋችነት ምርጫ ሦስተኛ የወጣ፣ በሙያው ጫፍ ላይ የነበረ ሰው ነው። የተቸገረው ገዢው ነበር፤ ፕሬስቲም ችግሩን ከነወለዱ አስከፈለው። አምስት የመጀመሪያ ዙር ምርጫ፣ ሁለት ተራ የመለዋወጥ መብት፣ ዳኒሎ ጋሊናሪ፣ ከሁሉም በላይ ሼይ ጊልጀስ አሌክሳንደር የሚባል የ20 ዓመት ወጣት። ይህ ዋጋ የተገኘው ጆርጅ በሚያሸንፍ ቡድን ውስጥ በደንብ ይጫወት ስለነበር ነው። ከተሸናፊ ቡድን ማንም በዚህ ዋጋ አይገዛም።

ከዚያ በኋላ ያደረገውን ተመልከቱ። ዌስትብሩክን ለሂውስተን ሲሰጥ፣ 34 ዓመቱን የያዘውና ውሉ የማይሸጥ ሸክም ነው የተባለለት ክሪስ ፖል መጣ። የሂንኪ ደቀ መዝሙር ቢሆን ፖልን ቤቱ አስቀምጦ 15 ጨዋታ አሸንፎ ለዕጣው ይሰለፍ ነበር። ፕሬስቲ አጫወተው። ቡድኑ 44 ድልና 28 ሽንፈት አስመዝግቦ በምዕራቡ ምድብ አምስተኛ ሆነ፤ በጥሎ ማለፉም ሂውስተንን እስከ ሰባተኛው ጨዋታ አስጨነቀ። በድራፍት ማንም ያልመረጠው ሉገንትዝ ዶርት ሃርደንን እየተከላከለ በዚያ ሰባተኛ ጨዋታ 30 ነጥብ አስቆጠረ። ሼይም ያን ዓመት በሙሉ ከዘመኑ ታላላቅ ኳስ አከፋፋዮች ከአንዱ ጎን ተሰልፎ ተማረ። የማይሸጠው ፖል በኅዳር 2020 ለፊኒክስ ተሸጠ፤ የ2022 የመጀመሪያ ዙር ምርጫም አስገኘ። አንድ የውድድር ዘመን እንዲህ አራት ጊዜ ታለበ፤ ድል፣ ትምህርት፣ አዲስ ተጫዋች፣ ምርጫ። ዛሬ ዋጋ አለው ያልኩት ይህንን ነው።

ኦክላሆማም ተሸንፋለች ብላችሁ እንደምትነሡ አውቃለሁ። አዎን፣ በሚገባ። በ2020ና 2021 ዘመን 22 ድልና 50 ሽንፈት፣ በቀጣዩ 24 ድልና 58 ሽንፈት። በታኅሣሥ 2021 በሜምፊስ 152 ለ 79 ተሸንፈዋል፤ በ73 ነጥብ ልዩነት፣ በሊጉ ታሪክ ትልቁ ልዩነት። ሆርፎርድን ጤነኛ ሆኖ ሳለ ከመጋቢት ጀምሮ አስቀምጠውታል። አስቀያሚ ነበር፤ ትኬት ገዝቶ ለገባ ሰው ይቅርታ የሚያስፈልገው ነው። ፕሬስቲን ቅዱስ ለማድረግ አልተነሣሁም። ያ ሽንፈት ምን አስገኘ ብዬ ግን እጠይቃለሁ። በ2021 ስድስተኛ ምርጫ፣ ጆሽ ጊዲ። በ2022 ሁለተኛ ምርጫ፣ ቼት ሆልምግረን። ጊዲ በ2024 በአሌክስ ካሩሶ ተለወጠ፤ ማለትም ተስፋ ያለው የ21 ዓመት ወጣት ተሰጥቶ የ30 ዓመት ተከላካይ ተወሰደ፤ አንድ ምርጫ እንኳ ሳይጨመርበት። ይህን ልውውጥ የሂንኪ ስሌት በምንም ቀመር አይፈቅደውም።

አሁን ዋንጫውን ያነሡትን አንድ በአንድ ጥሯቸው። ሼይ፣ የዓመቱም የፍጻሜውም ኮከብ፣ በልውውጥ። ጄለን ዊሊያምስ፣ 12ኛ፣ በክሊፐርስ ምርጫ። ዶርት፣ ያልተመረጠ። አይዛያ ሃርተንስታይን፣ በነፃ ዝውውር ለሦስት ዓመት 87 ሚሊዮን ዶላር። ኬሰን ዋላስ፣ ከዳላስ ጋር በተደረገ ልውውጥ አሥረኛ። አሮን ዊጊንስ፣ 55ኛ። አይዛያ ጆ፣ በጥቅምት 2022 ያሰናበተችው ፊላደልፊያ ናት (ሐተታ አልጨምርበትም)። በራሳቸው ሽንፈት በቀጥታ የመጣው ሆልምግረን ብቻ ነው፤ በተዘዋዋሪ ካሩሶን ጨምሩና ሁለት በሉ። 68 ጨዋታ ያሸነፈ ቡድን ነው የምንቆጥረው።

ተሸናፊዋ ኢንዲያና ደግሞ ክርክራችሁን ጭራሽ ታፈርሰዋለች። ታይሪስ ሃሊበርተንን ያገኘችው በየካቲት 2022 ዶማንታስ ሳቦኒስን ሰጥታ ነው። ሳቦኒስን ያገኘችውስ? በ2017 ፖል ጆርጅን ለኦክላሆማ ሸጣ። የ2025ቱ ፍጻሜ ሁለት መሪዎች፣ ሼይም ሃሊበርተንም፣ የዘር ሐረጋቸው ሲመዘዝ ወደ አንድ ሰው ሁለት ሽያጭ ይደርሳል፤ ሁለቱም ጊዜ የተሸጠው በደንብ የሚጫወት፣ ገዢ የሚሻማበት ሰው ነበር። ለጆርጅ ራሱ በ2024 በጋ፣ በ34 ዓመቱ፣ ለአራት ዓመት 212 ሚሊዮን ዶላር የከፈለው ቡድን የትኛው እንደሆነ ታውቃላችሁ። ፊላደልፊያ። በዚያው ፍጻሜ ለኢንዲያና ከተቀያሪ ወንበር እየተነሣ ኦክላሆማን ያስቸገረው ቲጄ ማኮኔልም በ2015 ሂንኪ ያለ ድራፍት ያገኘው ልጅ ነው፤ ሰውየው ዓይን አልጎደለውም የምለው ለዚህ ነው። ተተኪዎቹ በ2019 ያለ ምትክ ለቀቁት።

አንድ ነገር ለእናንተ የሚጠቅም ላክል፤ ሙግት በአንድ ወገን አይቆምም። ሂንኪ በ2014 በ39ኛነት ያገኘው ጄራሚ ግራንት በ2016 ወደ ኦክላሆማ ሲሄድ የተገኘው የመጀመሪያ ዙር ምርጫ፣ በኦርላንዶ በኩል ዞሮ ተመልሶ፣ በ2020 ታይሪስ ማክሲን አምጥቷል። ለእናንተ ከኤምቢድ ቀጥሎ ያለው ጠንካራው ማስረጃ ይህ ይመስለኛል። ግን አስተውሉ፤ ግራንት ዋጋ ያገኘው ሁለት ዓመት ሙሉ በሜዳ ላይ በመሮጡ ነው፤ ማክሲም የተገኘው በ21ኛ ተራ ነው። ለ21ኛ ተራ 199 ጨዋታ መሸነፍ አያስፈልግም።

የዲትሮይትን ነገር ጠቅሼ ልለፍ። በ2023ና 2024 ዘመን 14 ድል ብቻ፣ በአንድ የውድድር ዘመን 28 ተከታታይ ሽንፈት። በዓመቱ 44 ድል አስመዝግበው ጥሎ ማለፍ ገቡ። በመሐል አዲስ አስተዳደርና አዲስ አሠልጣኝ መጡ፤ ልምድ ያላቸው ተጫዋቾችም ተጨመሩ፤ አንዱ እናንተ በስሙ የምትምሉበት ጥፋት የሆነው ቶባያስ ሃሪስ ነው። ኮከባቸው ኬድ ከኒንግሃም በ14 ድሉም ዓመት እዚያው ነበር። ትልቅ ሰው ሲጨመርለት ምን ያህል እንደሚያወጣ ታየ። በነገራችን ላይ በ2023፣ በ2024ና በ2025 በሦስቱም ዓመት ከሁሉ የከፋ ውጤት ያስመዘገበው ቡድን በዕጣው አምስተኛ ወጥቷል፤ ሁለቱ ዲትሮይት፣ ሦስተኛው ዩታ። ይህን እያወቀ ለዕጣ ብሎ የሚሸነፍ ባለቤት የሚወቀሰው በትዕግሥት ማጣት አይደለም።

እንግዲህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ሂንኪን ውደዱት፤ ደብዳቤውንም አንብቡት፤ ነገር ግን የፕሬስቲን ዋንጫ ለእሱ አታልብሱት። የሚቀጥለው ሥራ አስኪያጅ በእናንተ ከተማ ቀርቦ አምስት ዓመት ስጡኝ ሲል፣ ስንት ምርጫ እንደሚያከማች አትጠይቁት። ዘንድሮ ለወጣቶቹ ኳስ የሚያቀብለው ማን እንደሆነ ጠይቁት። በእጁ ካሉት ጥሩ ተጫዋቾች የትኛውን፣ ለየትኛው የተቸገረ ገዢ፣ መቼ ሊሸጥ እንዳሰበ፣ የትኛውን ደግሞ በምንም ዋጋ እንደማይሸጥ ጠይቁት። እሱ ቢባረር የሰበሰበው ሀብት በማን እጅ እንደሚወድቅ ጠይቁት።

መልስ ስትጽፉልኝ ግን ኤምቢድ ጤነኛ ቢሆን ኖሮ ብላችሁ አትጀምሩ። በ2023 የዓመቱ ኮከብ የሆነ ድንቅ ተጫዋች ነው፤ ይህን የሚክድ የለም። በ2014 ሲመረጥ የእግሩ አጥንት ተሰብሮ ከቀዶ ጥገና ገና መነሣቱ ነበር፤ ጉልበቱ የታሰረው ኖኤልም ከአንድ ዓመት በፊት መጥቶ ነበር። ሁለቱን ሲያመጣ አደጋው በስሌቱ ውስጥ አለ ብሎናል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የቅርጫት ኳስ ተመልካች